የማዳም ኬርማሬክ ባዶ ወንበር

«ነፋሱ ገባ፣ ጀልባው ሳይመለስ፣
ሾርባው እሳት ላይ ነው፣ እስክትመጣ ድረስ…»

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስንኝ ማዳም ኦዴት ኬርማሬክ ረስተውታል። የረሱት ዛሬ አይደለም። ከፈረንሳይ፣ ከብሬታኝ የባሕር ዳርቻ ተነስተው፣ ባላቸውን ተከትለው፣ አሜሪካ፣ የታላቁ ሐይቅ ዳር ከተማ ዱሉት ከገቡበት ክረምት ጀምሮ ጠፍቶባቸዋል። ስንኙ የጎደለበት ላይ ሲደርሱ «ላ ላ ላም፣ ላ ላ ላም» ብለው ያልፉትና እንደገና ከነፋሱ ይጀምራሉ። እሳቸው ያሳደጓቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ ዱሉት ውስጥ «ላ ላ ላም» የግጥሙ አካል የሚመስላቸው የጥርስ ሐኪሞች፣ የመርከብ ካፒቴኖች፣ አንድ የተከበሩ ዳኛም ጭምር አሉ። ዳኛው ልጃቸውን እሹሩሩ ሲሉ እንኳ ቀዳዳውን አልደፈኑትም፤ እንደ ተረከቡት፣ ከነቀዳዳው አወረሱት።

በሰው አገር የተተከለ ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አለችው። ሕንፃውን ባለሀብት ያሠራዋል፣ ፈቃዱን መንግሥት ይሰጠዋል፣ ሪባኑን ቆንስል ይቆርጠዋል፤ ትምህርት ቤቱን የምትመሠርተው ግን አገሯ የናፈቃት አንዲት ሴት ናት። ሌሎቹ ተናግረው፣ ተጨብጭቦላቸው ይቀመጣሉ። እሷ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አትቀመጥም። «ተቀመጪ» ሲሏት «መጣሁ» ትላለች። ሃያ ዓመት ያልፋል፣ ሠላሳ ይደገማል፤ አሁንም እየመጣች ነው።

ሙሴ ኦሬልየን ቫሱር ይህን አያውቅም ነበር። ለማዳም የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ ከሊዮን በመጣ በሳምንቱ፣ ቢሮው መስኮት ሥር ቆሞ በአንድ እጁ የአሳማ ሥጋ የገባበት ዳቦ እየገመጠ፣ በሌላው የክፍሎችን ድልድል እያገላበጠ ሳለ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ሽርጣቸው ከጉልበታቸው የሚወርድ አንዲት አጭር ሴትዮ ጭልፋ ይዘው ቆመዋል።

«አዲሱ ዳይሬክተር አንተ ነህ?»

«አዎን፤ እርስዎስ ማን…»

«ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው!» አሉና ዳቦውን ከእጁ ነጥቀው ወጡ።

ቫሱር ዳቦውን ተከትሎ ሄደ። የደረሰው ምግብ አዳራሽ ነው። ልጆቹ ስምንት ስምንት ሆነው ክብ ክብ ጠረጴዛ ከበዋል፤ ከየጠረጴዛው ታላቅየው ተነስቶ ለታናናሾቹ ይጨልፋል። መጀመሪያ የተፈቀፈቀ ካሮት በሆምጣጤ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ትኩስ ዓሣ፣ ከዚያ አይብ፣ በመጨረሻ ፖም። አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። እንግዳውን በሁለት ሕፃናት መሐል፣ ጉልበቱ አገጩን የሚነካ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ማንኪያውን ሲያነሳ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጁን ጠፍ አደረገችው። ኢንከሪ ትባላለች፤ አባቷ ወደቡ ላይ የክሬን ሠራተኛ ነው።

«ገና ነው! ሁሉም ሳይቀመጥ አይበላም!»

ቫሱር ዞር ዞር ብሎ አየ። ሁሉም ተቀምጧል፤ ከአንድ ሰው በቀር።

«ማዳምስ?»

«ማዳም አይቆጠሩም» አለች ኢንከሪ፣ ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው እንደተባለ ሰው ተሰላችታ።

ከድስቱ አጠገብ ያ ድምፅ መጣ። «ጀምሩ፣ ጀምሩ! ይበርዳል! እኔ መጣሁ!»

አልመጡም። የዳቦ ጠርዝ በአንድ እጃቸው፣ ጭልፋ በሌላው፣ ቆመው ያኝካሉ። ፈረስ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድፍረት ያለው ፍጡር አልነበረም።

የትምህርት ቤቱን ታሪክ ቫሱር ከሰነድ አላነበበውም፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ነገረው። ወጣቷ ኦዴት ዱሉት ስትገባ ባሏ ኢቮን የስንዴ ገዢ ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር። «ለሁለት ዓመት ነው የመጣነው» አለች፣ ለጎረቤቱ፣ ለፖስተኛው፣ ለዳቦ ሻጩ። በመጀመሪያው ክረምት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ምሳ ምን በላሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ምሳ አልበላሁም፤ ሳጥኔን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ደወል ተደወለ» አለች ልጅቱ። ኦዴት ያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ለቅሶዋን ትታ፣ ፓስተር ሃልቮርሰን ዘንድ ሄዳ፣ ለትምህርትና ለምሳ የሚሆን የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት ለመነች።

«ለስንት ጊዜ?» አሏት ፓስተሩ።

«ለአንድ ክረምት ብቻ፣ አባቴ።»

ፓስተሩ ከዘጠኝ ክረምት በኋላ ጡረታ ሲወጡ «አንቺ ልጅ፣ ያ ክረምት አላለቀም?» እያሉ ይስቁ ነበር ይባላል።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሰባት ነበሩ። ምድር ቤቱ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ጠረጴዛ የወጣቶች ማኅበሩ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ነው፤ መረቡ አልነቀል ስላለ ትልልቆቹ ከወዲህ፣ ትንንሾቹ ከወዲያ ሆነው ፊደል ቆጠሩበት፣ ሾርባም ጠጡበት። ጨው በመረቡ ላይ ይሻገራል። አይብ አስቸጋሪ ነበር፤ ኢቮን ለእረፍት አገሩ ሄዶ ሲመለስ ቦት ጫማው ውስጥ ደብቆ ያመጣው አይብ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ረድፍ ሙሉ ሰው አስነስቷል የሚል ወሬ አለ። እሱ ግን እስኪሞት «ሁለት ሰው ብቻ ነው የተነሳው» እያለ ተከራክሯል።

ሰባቱ ሃያ ሆኑ፤ ሃያው ከጫማ መደብር በላይ ያለውን ፎቅ ሞሉት። ከፓሪስ እውቅና የሚሰጥ ተቆጣጣሪ የመጣ ጊዜ የሒሳብ አስተማሪዋ በበረዶ ምክንያት መንገድ ላይ ቀርታ ነበር። ማዳም ተቆጣጣሪውን ማዕድ አስቀርበው ያዙት። ካሮት፣ ሾርባ፣ ዓሣ፣ አይብ። «አሁን የሒሳቡን ክፍል ልይ» ይላል ሰውየው። «ፖሙ ቀርቷል እኮ፣ ጌታዬ!» ይላሉ እሳቸው። ፖሙ ሲያልቅ የሳቸው እናት አሠራር ኬክ መጣ። ኬኩ ሲያልቅ አስተማሪዋ በረዶ ከፀጉሯ ላይ እያራገፈች ገባች። ተቆጣጣሪው በእውቅናው ደብዳቤ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ ሦስት መስመር፣ ስለ ዓሣው አንድ ገጽ ጻፈ ይባላል።

ታዲያ ሁለቱ ዓመት? ሁለቱ ዓመት አላለቀም። ልጃቸው አድጋ፣ አግብታ፣ ሩቅ ሄደች። ኢቮን ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ተቀበረ። ማዳም ግን በየሰኔው ሽርጣቸውን አጥበው ሲያሰጡ «በሚመጣው ዓመት አገሬ እገባለሁ» ይላሉ፤ መስከረም ሲጠባ ካሮት ሲፈቀፍቁ ይገኛሉ። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። ውኃው እንደ ባሕር ይንጎራጎራል፣ እንደ ባሕር መርከብ ይውጣል፣ እንደ ባሕር ማዶ የለውም። ማዳም ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱታል።

«ዛሬም ጨው የለውም» ይላሉ፤ ባለፈው እሑድ እንደነበረው ተስፋ ቆርጠው፣ ለሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተስፋ አድርገው።

አሁን ትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ ልጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆነ፤ ፎቁም፣ ፎቁ ሥር ያለው መደብርም አልበቃ አለው። ኮረብታው ላይ አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ተገዛ። የውስጥ አከፋፈሉን ያወጣው ቫሱር ነው፤ ይህንንም በኩራት ሠርቶታል። ፕላኑን ማዳም ጠረጴዛ ላይ የዘረጋላት… ይቅርታ፣ የዘረጋላቸው ቀን ግን ኩራቱ ሾርባው ሳይበርድ በረደ።

መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ከክፍል ክፍል ዞሩ። ከዚያ እንደገና ዞሩ።

«ምግብ አዳራሹ የቱ ጋ ነው?»

«ማዳም… እዚህ ላይ ሁለት ክፍል ሆኗል። ልጆቹ ምሳ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ፤ በየክፍላቸው፣ በሃያ አምስት ደቂቃ ይበላሉ።»

«ሳጥን!»

«በር ላይ የቆሙ አርባ ልጆች አሉ። ወይ ማዕዱ፣ ወይ አርባዎቹ። እርስዎ ልጅ መልሰው ያውቃሉ?»

መልሰው አያውቁም። ለዚህ ነው ፕላኑን ቀስ ብለው የጠቀለሉት። ቫሱር ለጩኸት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለጭልፋም ቢሆን ተዘጋጅቶ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም።

«ፊደሉንማ ማንም ያስተምራቸዋል፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «አገር ማለት ካርታ ይመስልሃል? አገር ማለት እኩለ ቀን ላይ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ነው። እኔ ከአገሬ ያመጣሁት ይቺኑ ነው። ሌላ የለኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንጎራጎር ተዉ። ነፋሱም አልገባ፣ ጀልባውም አልቀረ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቢላዋ ድምፅ ብቻ ሆነ። «ማዳም ታመዋል?» እያሉ ልጆቹ ዳይሬክተሩን በየደረጃው ያዙት። ቫሱር ጭንቅላቱ ውስጥ የዜማው ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ «ላ ላ ላም» ሲል ራሱን ሰማ፤ ደነገጠም። እሱም ለሁለት ዓመት ነበር የመጣው። ውሉ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሊዮን ያለው ቤቱ መስኮቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀው ግን መስኮቱ ብቻ ነው።

ፕላኑ ለቦርድ ሊቀርብ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ሐይቁ ዳር ወረደ። ማዳም በመርከቦቹ መግቢያ ግንብ ላይ ቆመዋል። አግዳሚ ወንበር አጠገባቸው አለ፤ አልተቀመጡበትም።

«መጣህ?» አሉት ሳይዞሩ። «ልታባብለኝ ነው?»

«ልጠይቅዎት ነው። ለምን አልገቡም፣ አገርዎ?»

ብረት የጫነ መርከብ ከሩቅ እንደ ተንሳፋፊ መንደር ብቅ አለ።

«ገብቼ ነበር እኮ። ኢቮን በሞተ በዓመቱ። እህቴ ማሪቮን ቤት። ባሕሩ አለ፣ ጨዉ አለ፣ የእናቴ ድስት አለ። እኩለ ቀን ሲሆን ሳህን ዘረጋሁ። ማሪቮን አየችኝና ‹ማን ሊመጣ ነው?› አለችኝ። ‹ማንም› አልኳት። ‹ታዲያ ስምንት ሳህን ምን ያደርጋል?›» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «ሁለት ነበርን። እዚህ ሆኜ አገሬ ይናፍቀኛል፤ አገሬ ሆኜ እናንተ ናፈቃችሁኝ። ናፍቆቴ ሳይነግረኝ ቤት ቀየረብኝ። ነሐሴ ሳያልቅ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ የተመለስኩበትን ማዕድ ልታጥፉት ነው።»

ቫሱር ሊያጽናናቸው ፈለገ። የሚያጽናና ነገር ሲፈልግም ከአፉ ያመለጠው ይህ ነው፤

«ቢያንስ አዳራሽዎ አለ እኮ።»

«የምን አዳራሼ?»

«ኧ… ምንም። ድንገተኛ ስጦታ ነበር…»

«ሙሴ ቫሱር!»

ተናዘዘ። ቦርዱ መሥራቿን ለማክበር በአዲሱ ሕንፃ መግቢያ ላይ የመታሰቢያ አዳራሽ ወስኗል፤ ምስጢር ስለሆነ ፕላኑ ላይ «መግቢያ» ብቻ ተብሎ ነው የተጻፈው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ሳል ኦዴት ኬርማሬክ»፣ የኦዴት ኬርማሬክ አዳራሽ ማለት ነው። ፎቶግራፋቸው በቁም ቁመታቸው ይሰቀላል። የመጀመሪያው ድስት በመስታወት ውስጥ ይገባል። የፒንግፖንግ ጠረጴዛውም ከነመረቡ በመስታወት ውስጥ ይገባል። መሐሉ ላይ ደግሞ እሳቸው የሚቀመጡበት ቀይ ቬልቬት ወንበር አለ።

«ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

ቫሱር ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳይመልስም ገባው። ፕላኑን ያወጣው ራሱ ነው። ስንት ሌሊት አፍጥጦበታል።

«ሁለት… ሁለት ክፍል ያህል።»

መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። ከተማው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ ማዳም።

«ኧረ እግዜር ይጠብቅዎት!»

«ታዲያ ሕያው ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ ለሞተች ሴት ሳሎን ትሠራላችሁ? ልጆቹን እዚያ አስገባቸዋ!»

ሰውን ለማክበር ብሎ ወንበር መስጠት፣ ወንበሩን ለማስገባት ብሎ ደግሞ ማዕዱን ማፍረስ፤ ይህ በፍቅር የተሞላ ኮሚቴ ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ክፉ ሰው አያስበውም።

ቦርዱ ሲሰበሰብ የተከበሩት ዳኛ ማርሴል ብሩስታድ የሰብሳቢውን ወንበር ይዘው ነበር። እኚህ ዳኛ ከሰባቱ አንዱ ናቸው፤ ከመረቡ ወዲያ ይቀመጡ የነበሩ። ማዳም ሲናገሩ ቆመው ነው የተናገሩት፤ መቼም አልተቀመጡም።

«ነሐሱ ላይ ስምዎ ተቀርጿል እኮ፣ ማዳም» አለ አንድ የቦርድ አባል፣ ቅር እያለው። «ምን እናድርገው?»

«ወጥ ቤት በር ላይ ስቀሉት። ጨው ስጨርስ የማን ጥፋት እንደሆነ ይታወቃል።»

«ወንበሩስ?» አሉ ዳኛው። «ቬልቬቱስ?»

«ማርሴል፣ አንተ ልጅ፣ እኔ ተቀምጬ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ዳኛው ብዙ አሰቡ። ሃምሳ ሊሞላቸው ነው። «አላውቅም» አሉ፤ ድምፃቸውም ድንገት የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። አርባዎቹ ወደ መታሰቢያው አዳራሽ እንዲገቡ፣ ማዕዱም እንዲቀጥል የሚለው ውሳኔ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ሰኔ ላይ የቫሱር ውልም አለቀ፤ እሱም «አንድ ዓመት ብቻ ልጨምር» ብሎ ፈረመ። ማዳም ይህን ሲሰሙ ድስታቸውን እያማሰሉ ነፋሱን አስገቡት።

መስከረም ላይ አዲሱ አዳራሽ ተከፈተ። አርባዎቹ ገብተዋል። ክብ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ሞሉና አንድ ማዕድ ጎደለ፤ የፒንግፖንጉ ጠረጴዛ ከነመረቡ ተጎትቶ መጣ። ኢንከሪ፣ አሁን ጥርስ ያበቀለች የጠረጴዛው ታላቅ፣ ሾርባውን ጨለፈች። እንፋሎቱ በትልልቆቹ መስኮቶች ላይ ተነፈሰ፤ ከመስኮቶቹ ማዶ ሐይቁ ነጭ ነጭ ይላል።

ማዳም ከድስቱ አጠገብ፣ የዳቦ ጠርዝ በእጃቸው።

«ጀምሩ፣ ጀምሩ! ይበርዳል! እኔ መጣሁ!»

ማንኪያ አልተነሳም።

«ምን ሆናችኋል? ብሉ እንጂ!»

ዝም። ይህን ሁሉ ልጅ ዝም ያሰኘ አንድም አስተማሪ እስከዚያ ቀን አልተገኘም ነበር።

«ማዳም፣ ሁሉም አልተቀመጠም» አለች ኢንከሪ።

«ተቀምጧል። አይቻለሁ።»

«እርስዎ ቆመዋል።»

«እኔ አልቆጠርም። ታውቂ የለም እንዴ?»

«አሁን ይቆጠራሉ» አለች ኢንከሪ። ከዚያ ወደ ቫሱር አየች፤ ቫሱር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ልጅቱ ትንፋሿን ሳበች። በዚያ ትምህርት ቤት ታሪክ ማንም ያልደፈረውን ተናገረች፤

«ማዳም፣ እርስዎ ፈረስ ነዎት እንዴ?»

አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ማዳም ጭልፋቸውን አዩ። ድስቱን አዩ። መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ማዶ ጨው የሌለውን ውኃ፣ የቀረ ጀልባ ብቅ ይል እንደሆነ ሁሉ ቆመው አዩ። ሾርባው እሳት ላይ ነው። የሚጠበቀው ሰው ግን ለካ ከባሕር ማዶ አልነበረም።

ቫሱር ከመረቡ ወዲያ፣ በትንንሾቹ በኩል፣ አንዲት የሕፃን ወንበር ሳብ አደረገ። ቬልቬት የላትም።

«ይምጡ፣ ማዳም» አለ። «ከመጡ ቆዩ እኮ።»

ሽርጣቸውን አስተካከሉ። ቀስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘው፣ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። ኢንከሪ ሾርባ ጨለፈችላቸው፤ አንዱ ሕፃን ጨዉን በመረቡ ላይ አሻገረ። ማዳም ኬርማሬክ ማንኪያውን አነሱ፣ እፍ አሉ፣ ቀመሱ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ያን ጊዜ ማንኪያው ሁሉ እንደ ዝናብ ወረደ። ከአንዱ ጥግ አንድ ልጅ ነፋሱን አስገባው፣ ሌላው ጀልባውን አስቀረው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተቀባበሉ ስንኙ የጎደለበት ላይ ሲደርሱ የጡቡ ሕንፃ በሙሉ «ላ ላ ላም» አለ፤ ዳይሬክተሩም አለ፣ ከበሩ ላይ የቆሙት የተከበሩ ዳኛም አሉ። ማዳም ብቻ አላሉም። አፋቸው ሙሉ ነበር።